ስለ ባሌ ስለ ኩንራትና ስላልተዘጋው ውሃ

ለክቡር የማዕድን ሹም ለጌታ ሎሬንዝ ኤሽባህ
ሃርዝ ተራራ፣ ግሪምታል ሸለቆ

ጤናዎና የምድጃዎ ሙቀት በዚህ የብርድ ወራት ሳይጓደሉ እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በወንዝ ውሃ የሚዞረውን የብር ማጥሪያውን መንኮራኩር ይጠብቅ የነበረው የኩንራት ሚስት ኦቲሊያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የለጠፍኩት፣ ደጅዎ ላይ ቆሜ ውድ ጊዜዎን እንዳልሻማ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። በዚያ ማለዳ ውርጩ መንኮራኩሩን በበረዶ ጠፍንጎ በእሱ ኃይል የሚሠሩት ወናፎች መንፋት ሲያቅታቸው፣ በእቶኑ ውስጥ የቀለጠው እርሳስና ብር ነፋስ አጥቶ እንዳይረጋ ከሁላችን ቀድመው የተጨነቁት እርስዎ ነበሩ። ኩንራት መጥረቢያውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ባርኔጣውን አውልቆ «ጌታዬ፣ በረዶውን እስክፈልጠው ድረስ ብቻ ውሃውን ያስዘጉልኝ» ብሎ ለመነዎት። እርስዎም «አንተ እኮ ከዚህ መንኮራኩር ጋር ተጋብተሃል፤ ምን ያስፈራሃል?» ብለው ቀለዱበት። ሳቀ አሉ። ባሌ ሹም ሲቀልድ የማይስቅ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ትዕግሥት ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። በረዶው ተፈልጦ መንኮራኩሩ በድንገት ሲዞር ባሌን ጎትቶ ከሥሩ አስገባው። የእቶን ሠራተኛው ያኮብ «ዝጉት! ሰው አለ! ዝጉት!» እያለ ወደ ውሃው መዝጊያ ሲሮጥ፣ እርስዎ ክንዱን ይዘው «ብሩ ይረጋል፤ ትንሽ ታገስ» እንዳሉት እያለቀሰ ነግሮኛል። ኩንራትም ታገሰ፤ ከእንግዲህም አይቸኩልም። ብሩ ግን እጅግ ጠርቶ ወጣ አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎት።

ሦስተኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ባሌን የገደለው ውርጩ ነው ብሎ ስለወሰነ፣ ውርጭ ደግሞ እንደማይከሰስ በትሕትና ስላስረዳኝ ባለውለታዬ ነው። እርስዎ ለቀብሩ የላኩትን የአሳማ ጭን ጎረቤቶቼ በልተውታል። እኔ ግን መዋጥ አቃተኝ፤ ይህን ብልግናዬን ይቅር ይበሉኝ።

ክቡርነትዎ፣ የመንኮራኩሩ ድምፅ ቤቴ ድረስ ይሰማል። ድሮ ድምፁ ዘግየት ሲል ኩንራት ከአልጋው ተነስቶ ጫማውን በዳበሳ ይፈልግ ነበር። አሁን ድምፁ ዘግየት ሲል የምነሳው እኔ ነኝ፤ ከተነሳሁ በኋላ ግን ወዴት እንደምሄድ ይጠፋኛል።

በእሱ ቦታ ታናሽ ወንድሙን ማቲስን ቀጥረውታል። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው መንኮራኩሩ ላይ ሲወጣ እባክዎ ውሃው ይዘጋ።

በታላቅ አክብሮት እጅ የምትነሳ፣
ውርጭን እንዳትከስ የተመከረች ታዛዥዎ፣
ኦቲሊያ፣ የኩንራት ሚስት

ከላይ ሳልጽፈው የቀረ፦ ባለፈው እሑድ የመስፍኑ እንግዶች ማጥሪያውን ሊጎበኙ ሲመጡ፣ እርስዎ የውሃው ፍንጣቂ የወይዛዝርቱን ቀሚስ እንዳያረጥብ ብለው፣ እቶኑ እየነደደ ሳለ ውሃውን አስዘጉ። ሸለቆው በሙሉ ጸጥ አለ። ከቤቴ ወጥቼ ቆምኩ። ለካ ይዘጋል።