ኮሶና እንቆቆ

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

የተማሪ ዩኒፎርም አራት ጨረስኩ። የአንዱ አንገት ተጣሞብኝ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ሰፈራችን በቾ ቦሬ ዛሬም መብራት ሲሄድ ሲመጣ ዋለ... በእግር በምትረገጠዋ የስፌት መኪና ነው የሠራሁት።

እህቴ ሙና የሠርግ ቀሚሷን ለካች። ወገቡ ጠበባት። ጥር ገና ነው፣ እለቀዋለሁ ብላት አልሰማ አለች። ከሩፈይዳ ሱቅ «ዲቶክስ» ገዝታ መጣች። አረንጓዴ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ላዩ ላይ ቅጠል ተስሎ እንዲህ ተጽፎበታል። «ንጹህ እንቆቆ። ሆድ ያጸዳል፣ ክብደት ይቀንሳል። በቀን ሁለቴ፣ ሰባት ቀን።»

«እንቆቆ የትል መድኃኒት አይደል እንዴ?» አልኳት።

«እታዬ ደግሞ! አሁን ዲቶክስ ነው የሚባለው።»

ሳቅን። ሩፈይዳ አብራኝ ቁርአን የቀራች ናት። ሰው አትጎዳም አልኩ።

ጥቅምት 10

ሙናን ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ለሩፈይዳ ደወለችላት። «ቆሻሻው እየወጣልሽ ነው፣ አንድ ቀን ቀረሽ፣ እንዳታቋርጪ» አለቻት።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ጠዋት መርፌና ክር ሰጠኋት፣ እንደ ሁልጊዜው እንድታስገባልኝ። ክሩን ከመርፌው ጎን አየር ላይ ታስገባለች። የምትቀልድ መሰለኝ።

«እታዬ፣ መጋረጃውን ግለጪው... ጨለመኝ።»

መጋረጃው ተገልጦ ነበር።

ሆስፒታል ነን።

ጥቅምት 13

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ተጎድቷል አለ። ግራው አይመለስም። ቀኙ ትንሽ ሊሻለው ይችላል። «ኢንሻአላህ» አልኩ።

«ምን ወሰደች?» አለኝ። የሩፈይዳን ዕቃ አሳየሁት። «ኮሶ ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋ ይታወቃል። እንቆቆን ግን ልጠይቅ» አለ።

«ሌላስ የወሰደችው ነገር አለ?»

የለም አልኩ።

ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እናታችን ስትሞት ስምንት ነበረች። እኔ ነኝ ያሳደግኳት።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ገበያ ሄድኩ፣ እማማ ብርሃንነሽ ጋ። የባህል መድኃኒት ሲሸጡ አርባ ዓመታቸው ነው። ሁለቱንም አምጥተው ከፊቴ ዘረገፉልኝ። ኮሶው ቀላ ያለ የደረቀ አበባ፣ ከደጋ የሚመጣ። እንቆቆው ድቡልቡል ጥቃቅን ፍሬ።

«ኮሶ ኃይለኛ ነው ልጄ። አንዴ ጠጥቶ ሁለት ወር ማረፍ ነው። እርጉዝ አትነካውም፣ የደከመ ሰው አይነካውም። እንቆቆ ገር ነው ይላሉ... እኔ ግን ሁለቱንም አላምናቸውም። ትል የሚገድል ነገር ለሰውየው ማር ይሆናል?»

በቀን ሁለቴ ለሰባት ቀን ስላቸው በድንጋጤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ለበሬ ነው እንዴ ያዘዘችው?»

ከሩፈይዳ ዕቃ ትንሽ ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። «ከተፈጨ በኋላ ማን ይለየዋል? ግን ስሚኝ፣ ሁለቱን አከታትለው የሚጠጡ አሉና...»

አላስጨረስኳቸውም፣ ተነስቼ ሄድኩ።

ኮሶ ነው። እንቆቆ ብላ ኮሶ ነው የሸጠችላት። ሐኪሙስ ኮሶ አላለም?

ጥቅምት 18

ሱቋ ገባሁ። ሦስት ሴቶች ቆመው ነበር። ደስ አለኝ፣ ይስሙ።

«ለእህቴ ኮሶ አጠጣሻት!»

«እንቆቆ ነው፣ ሂንድ። ወላሂ እንቆቆ ነው። ዓይኗን ሰምቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንቺ ደግሞ...»

«እኔ ደግሞ ምን?»

ሴቶቹን አየቻቸው። «ምንም» አለች።

ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁ። «የሙናን ዓይን ከዓይንሽ ነው የምቀበለው» አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

ጥቅምት 20

ጤና ቢሮ። መድኃኒት የሚቆጣጠረው ሰውዬ ሻይ እየጠጣ ሰማኝ።

«ኮሶም እንቆቆም አልተከለከለም እኮ እህቴ። ገበያ ላይ ሞልቷል። ጫቱስ ይኸው በየደጁ አይደል?»

«ታዲያ ዝም ይባላል?»

«አይባልም። አሽጎ፣ ይሄን ያድናል ይሄን ይቀንሳል ብሎ ጽፎ መሸጥ ሳይመዘገብ አይቻልም። ግን ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው የምንሰጣት። ከተጻፈበት ሌላ ነገር ከሸጠች ግን ነገሩ ይከብዳል። ማስረጃ አምጪ።»

ማስጠንቀቂያ! ለሙና ዓይን አንድ ወረቀት!

ጥቅምት 22

ስልኬን የስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፌ ራሴን ቀረጽኩ። ስሟን ጠራሁ፣ ሱቋን ጠራሁ። «እንቆቆ ብላ ኮሶ ሸጣ እህቴን አሳወረቻት» አልኩ። ከሆስፒታል የወጣችው ሙና ከአልጋው ሆና ሰማችኝ።

«እታዬ፣ አትልቀቂው።»

«ለምን? ታዝኚላታለሽ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለቀቅኩት።

ጥቅምት 25

አርባ ሺህ ሰው አየው። ከአጋሮ ይደውሉልኛል፣ ከአዲስ አበባም። አንዷ ደንበኛዋ ዕቃውን ሱቋ ደጃፍ ላይ ደፋችባት አሉ። በሯ ላይ ደግሞ በከሰል «ኮሶ ሻጭ» ተብሎ ተጽፏል። ማየት አለብኝ ብዬ በዚያ በኩል ዞርኩ። ሩፈይዳ በውኃና በጨርቅ ታሻዋለች። አልጠፋ ብሏታል።

አስታግፊሩላህ... አይ። ለማን ነው የምዋሸው? ደስ አለኝ። ማታ እራቴን እስክጠግብ በላሁ፣ ከስንት ቀን በኋላ።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ሊሙ ገነት። ዕቃውን ለሩፈይዳ የሚያመጣላት ሸኩር የሚባል ሰው መሆኑን ሰማሁ። እሱን ይዤ ለቢሮው ማስረጃ ላመጣ ነበር።

ቤቱ ከመኪና ማቆሚያው ብዙ አይርቅም። ግቢው ሙሉ ቀይ ቡና ተሰጥቷል፣ ሚስቱና ልጆቹ ይለቅማሉ። ገዢ ነኝ አልኩት። ጓዳ አስገብቶ ጆንያውን ፈታልኝ። ፍሬ። ድቡልቡል፣ ጥቃቅን፣ ከላይ እስከ ታች። ክንዴን እስከ ክርኔ ከተትኩ። አበባ የለም። ሁለተኛውን አስፈታሁት፣ ሦስተኛውንም።

«ኩን ሀንቁዳ፣ ሄጦ ሚቲ» አለኝ በኦሮምኛ እየሳቀ። እንቆቆ ነው፣ ኮሶ አይደለም። «ኮሶ እዚህ ከየት ይመጣል? አስፈጭቼ የማስረክባት እኔው ነኝ፣ ወፍጮው ያው እዚያ ነው።»

እውነቱን ነው። ከዓይኑ አየሁት።

ስመለስ መኪናው ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ።

ኅዳር 3

ቪዲዮውን አላወረድኩትም።

ኅዳር 6

ሩፈይዳ ቤታችን ደጃፍ ካለው ሱቄ ድረስ መጣች። ከስታለች። አልተቀመጠችም። ስልኳን አውጥታ የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠችውና የድምፅ መልእክት ከፈተች።

የሙና ድምፅ ነው። የጤነኛዋ ሙና። «ሩፊ፣ እህቴ ቅዳሜ ኮሶ አጠጥታኝ ነበር፣ በዛ ያለ። ያንቺን ዛሬ ብጀምር ችግር አለው?»

ከዚያ የራሷ የሩፈይዳ ድምፅ። «የለውም ውዴ፣ ሁለቱም ተፈጥሮ ነው። እንዲያውም ያጠናክረዋል።»

ዘጋችው።

«ያን ቀን ሱቄ ውስጥ ሴቶች ፊት ልናገረው ነበር» አለች። «ተውኩት። ላንቺ ብዬ ብቻ አይደለም፣ እኔንም ያስጠይቀኛል። አውርጂው ሂንድ። እኔም ዝም እላለሁ። ሁለታችንም እንኑር።»

«ውጪልኝ» አልኳት።

መጻፍ አለብኝ። ጥቅምት 2 ቅዳሜ ነበር። ሙና ትል አየሁ አለችኝ። ሰኔ ላይ ያጠጣኋት አልሠራም ብዬ በእጥፍ አደረግኩት፣ በእፍኝ፣ እናቴ ታደርግ እንደነበረው በግምት። «መረረኝ፣ በቃኝ» አለች። አፍንጫዋን ይዤ ጨረስኩላት። ለሐኪሙ አልተናገርኩም። እዚህም አልጻፍኩትም። ማንም የማያነበው ደብተር... ከማን ነው የደበቅኩት?

ኅዳር 7

ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ነገርኩት። አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አደረገው።

«ስለ እንቆቆም ጠይቄያለሁ። እሱም ዓይን ላይ ይጠረጠራል፣ በኮሶ ልክ ባይጠናም። ሁለቱ በተከታታይ፣ ያውም በዚህ መጠን...»

«የቱ ነው ያሳወራት? የኔው ነው የሷ?»

«ማንም ሊለይልሽ አይችልም።»

«የዛን ቀን ብነግርህ ትድን ነበር?»

«አላውቅም» አለ።

ኅዳር 8

ለሙና ልነግራት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። «ሐኪሙ ያን ቀን ሲጠይቀኝ...» አልኩ።

«ሰምቻለሁ» አለች። «እዚያው አልጋው ላይ አልነበርኩ? የታመመው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ትናገራለች ብዬ። ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች... ከዚያ ቪዲዮ ቀረጽሽ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እጇን ዘርግታ አልነካችኝም። ድሮ ሳለቅስ ትነካኝ ነበር።

«እና አሁን ሩፈይዳን ልትተያት ነው?» አለች።

«ምን ታስቢያለሽ?»

«ነግሬያታለሁ እኮ! ጠይቄያታለሁ! አውቃ ነው ጠጪ ያለችኝ!» ትራሱን በቡጢ መታችው። ከታመመች ስትጮህ የመጀመሪያዋ ነው።

ኅዳር 9

እንኑር አለችኝ። ሁለታችንም እንኑር! አረንጓዴ ክዳኗን እየደረደረች፣ እኔም አንገትጌዬን እየሰፋሁ፣ ሙና ደግሞ ግድግዳ እየዳሰሰች። ሰላም እየተባባልን በዒድ።

የለም። እኔን ሳትጥል ሩፈይዳ የማትወድቅ ከሆነ አብሬ እወድቃለሁ። ግን እሷ ሳትወድቅ አታድርም።

ኅዳር 11

የሙናን ስልክ ይዤ ጤና ቢሮ ሄድኩ። ያው ሰውዬ። ድምፁን ሁለት ጊዜ አሰማሁት።

«ይሄ እኮ አንቺንም ይነካል» አለኝ።

«አውቃለሁ። ጻፈው።»

«ቤት ውስጥ ያጠጣሽው እኛን አይመለከትም። ፖሊስ ግን ቃልሽን ሊቀበል ይችላል።»

«ይቀበለኝ። ዱቄቱ እንቆቆ ነው፣ ኮሶ አይደለም፣ በቪዲዮው ዋሽቻለሁ። ግን ኮሶ መጠጣቷን እያወቀች ጨምሪበት ብላታለች። እሱን ጻፍልኝ። ደማቅ አድርገህ።»

ቤት ስገባ የመጀመሪያውን ቪዲዮ አጥፍቼ ሌላ ቀረጽኩ። ቅዳሜን ተናገርኩ፣ እፍኙን ተናገርኩ፣ አፍንጫዋን መያዜን። ከዚያ የሩፈይዳን ድምፅ ስልኩ አጠገብ አድርጌ አሰማሁ። «ሁለቱም ተፈጥሮ ነው።»

ኅዳር 13

ሩፈይዳ ደወለች። መልስ ሳትጠብቅ ነው የጮኸችው። «እብድ ነሽ! ራስሽን ገደልሽ እኮ!»

«አዎ» አልኳት። «አንቺንም።»

ኅዳር 20

ሱቋ ታሸገ። ሰም፣ ክርና ማኅተም። በዚያ መንገድ ያሉ የፋርማሲ ባለቤቶች ሁሉ ወጥተው አዩ። እኔም ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁ። ይቅር አላልኳትም፣ አልልም። ግን እንደ ከሰሉ ቀን አላጠገበኝም። አንዲት ሴትዮ አወቀችኝና ልጇን በእጇ ይዛ መንገድ ቀየረች... ከሩፈይዳ በር ሳይሆን ከእኔ።

የዩኒፎርም ደንበኞቼ ግማሹ ጨርቃቸውን ወስደዋል።

ታኅሣሥ 1

የሙና ቀኙ ዓይን ትንሽ ተሻለው። የሰው ጥላ ትለያለች፣ ፊት አትለይም። ፊደል ጭራሽ። እጮኛዋ ፋሂም ከእናቱ ጋር መጣ። ሠርጉ አልተሰረዘም፣ ወደ ሚያዝያ ተገፋ። ከእኔ ጋር ሻይ አልጠጡም። ሙና አክስታችን ጋ ቦሳ ኪቶ ልትቆይ ነው። ልብሷን እኔ አጠፍኩላት።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ፖሊስ ጣቢያ የሙናን ቃል በጽሑፍ ጠይቋል። ቦሳ ኪቶ ሄድኩ። አክስታችን ዘመድ ጠርታ እንዲጽፍላት አስባ ነበር። ሙና እምቢ አለች።

«እሷ ትጻፍልኝ» አለች።

ወረቀት ዘረጋሁ። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አድርጋ።

«መጀመሪያ የሩፈይዳን» አለች። ጻፍኩ። የጠየቀቻትን፣ የመለሰችላትን፣ ስድስተኛው ቀን ላይ አታቋርጪ ማለቷን። እጄ አልቆመም። እያንዳንዱን ቃል ወደድኩት።

«አሁን ያንቺን።»

«እሺ።»

«ታላቅ እህቴ ሂንድ ጥቅምት 2 ቀን በእጥፍ ኮሶ አጠጣችኝ። በቃኝ ስላት አልሰማችኝም። ሐኪም ሲጠይቃት ደበቀች። እኔን ለማትረፍ ጊዜ በነበረበት ሰዓት ራሷን አተረፈች።»

ብዕሩ ቆመ።

«ጽፈሻል?»

«የመጨረሻውን ድገሚልኝ።»

ደገመችው፣ ቀስ ብላ፣ ድሮ ፊደል ሳስቆጥራት እንደነበረው ቃል በቃል። ጻፍኩት።

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። አንድም ቃል አልዘለልኩም። ጆሮዋን አዘንብላ ትሰማለች። ስጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

«የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ጣቷን ይዤ መስመሩ ላይ አስቀመጥኩላት። ፈረመች።