ጁሚን ያላሳየኝ የጦጣ ገንቦ

ጁላይ 4
ልብስ አጠብኩ። ዝናቡ መልሶ አራሰው። ሁለት እንግዶች መጥተዋል፣ የጦጣ ገንቦ የሚባለውን ተክል ሊያዩ። ጁሚን ነገ ይዟቸው ተራራ ይወጣል።
«እኔንም አንድ ቀን ውሰደኝ እንጂ» አልኩት።
ሳቀ። «በገመድ ተንጠልጥለሽ? ጫካ አድረሽ? አርፈሽ ተቀመጪ!»
ከተጋባን ጀምሮ መልሱ ይኸው ነው።

ጁላይ 6
ተመለሰ። ደክሞታል መሰለኝ... ሳይበላ ተኛ።

ጁላይ 19
ጁሚን ከሞተር ሳይክል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ጀሶ አደረጉለት። ሌላ እንግዳ ደግሞ እየመጣ ነው። እህቱ ሶሊና፣ ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ዕቃ የምትሸከመው፣ «እኔ እወስደዋለሁ፤ እትዬ ሉሚያም ትምጣ» አለች እኔን እያየች።
«እሷ የትም አትሄድም!» ብሎ ጮኸ።
ምን አስጮኸው?

ጁላይ 21
ሄድኩ።
ሶሊና፣ እንግዳውና እኔ ቁርስ በልተን ወጣን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ደረስን። ዳገት አለ፣ ጭቃ አለ። ገመድ የለም።
የቅጠሉ ጫፍ እንደ ጅራት ይረዝምና መጨረሻው ገንቦ ይሆናል። ቀይ፣ ከንፈሩ የተሸበሸበ፣ ክዳን ያለው። የሕፃን ራስ ያህላል። ሽኮኮ የምትመስል ትንሽ አውሬ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ክዳኑን ትልሳለች። አልፈራችኝም። አጎንብሼ ውስጡን አየሁ... ጉንዳን ሰምጦበታል። እንባዬ መጣ። ይኼን ያህል ቅርብ ነበር?
«ማደሪያው የት ነው?» አልኳት ሶሊናን።
«የምን ማደሪያ?»
«ጁሚን የሚያድርበት።»
ጭነቷን መሬት ላይ አወረደች። ከዚያ፣ «እትዬ... እኛ እኮ የምታውቂ መስሎን ነው።»
የሚያድረው ጃኒታ ቤት ነው። እታች ገበያ አናናስ የምትሸጠዋ፣ ባሏ የሞተባት። መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከእሷ ስገዛ ሁልጊዜ አንድ ትመርቅልኝ ነበር...

ጁላይ 22
«እውነት ነው?» አልኩት ጁሚንን።
«እግሬ እንዲህ ሆኖ ታስጨንቂኛለሽ?»
ይኼ መልስ ነው? ለእሱ መልስ ነው። ሩዙን አቀረብኩለት፣ አብሬው አልተቀመጥኩም።
ከሴትዮዋ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ተራራው ነው። ለአንድ አልጋ ብሎ ያን ሁሉ ከለከለኝ።

ኦገስት 9
ጠዋት ጃኒታ በር ላይ ቆማለች። አናናስ ይዛ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።
«ልጠይቀው ብዬ ነው፣ እትዬ...»
«ግቢ» አልኳት። «ሩዙ አልተጣደም። ሽንት ቤት ሲሄድ ደግፊው፣ ይከብዳል። ማታ ማታ ይነጫነጫል፣ ትለምጂዋለሽ።»
«ሉሚያ! ምን እያልሽ ነው?» አለ ጁሚን ከውስጥ።
አሁን እንግዳ ተራራ የማወጣው እኔ ነኝ፤ እንግዶቼ መንገድ ላይ እየጠበቁኝ ነበር። የዝናብ ልብሴን አንጠልጥዬ ወጣሁ።
ተራራው ላይ አዲስ ገንቦ ተከፍቷል። ቢጫ፣ ገና ምንም ያልገባበት። ለእንግዶቹ እኔ አሳየኋቸው።
ይኼን የምጽፈው ሶሊና ቤት ሆኜ ነው። ልብሶቼን ነገ ታመጣልኛለች።