ከአይጥ መርዝ ሻጩ የገዛሽው ክኒን

ፍቅርአዲስ፣

ከማርያም ስትመለሺ ክኒንሽን አትፈልጊ። ሽንት ቤት ጨምሬዋለሁ።

ጦርነቱ ፋርማሲውን ባዶ አስቀረው ተብሎ የደም ግፊት መድኃኒት ውጫሌ ገበያ ከአይጥ መርዝ ሻጭ ይገዛል? በጋዜጣ ጠቅልሎ የሰጠሽን ዋጥሽ፣ ትናንት ደጅ ላይ ተዘረርሽ። የሰውዬው መርዝ እኮ አይጧን እንኳ አልገደለም፤ ይኸው አብራን ትኖራለች።

ዶሮ ሲቀርብልሽ ማን ባረከው ሳትዪ የማትቀምሺ ሴት፣ ክኒኑን ከየት አመጣኸው ማለት አቃተሽ።

በሰው ፊት ጅል ያልኩሽ ግን...
ተይው።

ማዘዣሽን ይዤ ደሴ ሄጃለሁ፤ ትክክለኛውን አመጣለሁ። እስከዚያ ራስሽን ካዞረሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ እንጂ ገበያ አትሂጂ።

ጎረቤት የላከችው ዶሮ ወጥ በአንቺ ድስት አለ። የባረከው የእናንተው ሰው ነው።
ጠይቄልሻለሁ።

ነጅዋ