የካፖርቱ እጅጌ

ቡራዩ፣ ጥር 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዱርሲቱ። አካም ጅርታ? ያ የኖርዌይ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኔም እናትሽም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን።

በስልክ ያጫወትሽኝን ትምህርትሽን አልረሳሁም። ከአንጎል የተወሰደች፣ ገና ሥራዋን ያልያዘች ህዋስ ሌላ ቦታ ብትቀመጥ ደም ወይም ጡንቻ ልትሆን ትችላለች ይባላል ብለሽኝ ነበር። ለጎረቤታችን ለኦቦ ሌንጮ ብነግረው ሳቀብኝ። ልጄ አትዋሽም አልኩት።

ጤፉ በደህና ገብቷል። መንገዱ በግርግሩ የተነሳ በየሳምንቱ ስለሚዘጋ ግን ገበያ አልወጣንም። ቀያሾች መጥተው በገፈርሳው ማሳችን ላይ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ። እኔም ጥሩ ችካል ነው ብዬ በሬውን ባስርበት ነቀለው! መልሼ ተከልኩት፤ በቦታው ይሁን አይሁን እንጃ። ሲመለሱ ይቆጡኛል ስል ጭራሽ አንዱ፣ «አባባ፣ እዚህ ለሚሠራው ሕንፃ ዘበኛ ይፈለጋል፤ እርስዎ ይሆናሉ» ብሎ ካፖርት ሰጠኝ። ብለብሰው እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው። እናትሽ አይታኝ ሳቀች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

አሁን አስተማሪሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ያቺ ህዋስ ለጋ ስለሆነች ነው ሌላ የምትሆነው ብለሻል። ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሆኖ የኖረስ? እሱም ይችላል?

እጅጌውን እንዲያሳጥርልኝ ለልብስ ሰፊው አልሰጠሁትም፤ መልስሽን እየጠበቅኩ ነው።

ኦቦ ሌንጮ ሳይቀር ሰላም ብሎሻል። በሄድሽበት ሁሉ ደህና ሁኚልኝ።

አባትሽ ባይሳ፣
ገበሬው