የአንድ ዓሣ ብዙ ስሞች፤ የወይዘሮ ስናፍቅሽ በዳሶ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ስናፍቅሽ በዳሶ ከአባታቸው ከአቶ በዳሶ ገመዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩዓለም አስፋው፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ፣ የካቲት 11 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ የተጠመደውን እየበለቱ ይሸጡ ነበር። ከእርሳቸው በፊት ሦስት ልጆች የቀበሩት እናታቸው፣ ሴት ልጅ ሲናፍቁ ስለወለዷቸው ስናፍቅሽ አሏቸው። ከስምንት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ሁንዴ ተወለደ። ከቤቱ ልጆች ለወግ ለማዕረግ የበቁት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

እናታቸው በ1970 ዓ.ም. ሲያርፉ ወይዘሮ ስናፍቅሽ የአሥራ አራት ዓመት፣ ሁንዴ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወንድማቸውን አጥበው፣ አብልተው፣ ትምህርት ቤት አድርሰው ነበር ወደ ራሳቸው ክፍል የሚሄዱት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1974 ዓ.ም. አጠናቀው፣ ከግብርና ኮሌጅ በ1976 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። በቀጣዩ ዓመትም በሐይቁ ላይ በሚሠራ የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት በመረጃ ሰብሳቢነት ተቀጠሩ።

ሥራቸው በየማለዳው ዓሣ ማውረጃው ላይ ቆሞ፣ ከጀልባ የሚወርደውን ዓሣ በየዓይነቱ እየለዩና እየመዘኑ መመዝገብ ነበር። ብዙው ቆሮሶ ነው። ይሁን እንጂ ዓሣ አጥማጅ ቆሮሶን ቆሮሶ ብሎ አይተውም። ጎኑ የሰፋውን ትልቁን ገበቴ፣ በመራቢያው ወራት የሚቀላውን ወንዱን ሙሽራው ይሉታል። እንስቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ምግብ ሳትቀምስ የምትሰነብት በመሆኗ ጾመኛ ትባላለች። ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሲሻገሩ ደግሞ ስሙ ሁሉ ይለወጣል። ወይዘሮ ስናፍቅሽ ይህን ስም ሁሉ እየሰሙ ይስቁ ነበር፤ ለራሳቸው በያዙት ደብተርም ይጽፉት ጀመር።

በ1986 ዓ.ም. ጽሕፈት ቤቱ የሐይቁን ዓሣ በየዓይነቱ እንዲያጠኑ አዘዛቸው። በዚያን ጊዜ በማውረጃው ላይ ጥፍሬ የሚባል ትንሽ ዓሣ በብዛት ይታይ ነበር። በጀርባው ክንፍ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፤ ቆሮሶ ግን ይህ ነጥብ የለውም። ዓሣ አጥማጆቹም ጥፍሬ ራሱን የቻለ ዓይነት ነው፣ ከዚህ በላይ አያድግም ብለው አረጋገጡላቸው። ወይዘሮ ስናፍቅሽም እንዳሉት ጻፉ። ጽሕፈት ቤቱ በዚያ ጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ የማያድግ ዓሣ ከሆነስ ብሎ፣ በ1987 ዓ.ም. ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብ ማጥመድን ፈቀደ።

በ1988 ዓ.ም. ከአቶ ልዑልሰገድ ተክሌ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። በማግሥቱ ዓመት አሥራ ሁለት ጥፍሬ ከነሕይወታቸው አምጥተው ከቢሮው ጀርባ ባለው የውሃ ገንዳ ጨመሯቸው። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። በስምንተኛው ወር ገንዳው ውስጥ የሚዋኙት ዓሦች ቆሮሶ ነበሩ። ነጥቡ የልጅነት ምልክት ኖሯል፤ ሲያድግ ይጠፋል። ሐይቁ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቹን ሲያስረክብ ከርሟል ማለት ነው።

በዚያው ቀን ስህተቱን በደብዳቤ አሳወቁ። መረቡ ግን በየቤቱ ገብቶ ነበርና የሚመልሰው አልተገኘም። ከዳር ያለው ዓሣ አለቀ። አጥማጆቹም በትናንሽ ጀልባ ወደ ሐይቁ መሐል መግፋት ጀመሩ። ሐምሌ 23 ቀን 1991 ዓ.ም. አራት ሰዎች ይዛ የወጣች ጀልባ በንፋስ ተገለበጠች። ሁለቱ ዋኝተው ሲወጡ ሁለቱ ቀሩ። ከቀሩት አንዱ እንደ አባቱ ዓሣ አጥማጅ የሆነው ወንድማቸው ሁንዴ በዳሶ ነበር፤ አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ዕድሜው ሃያ ሰባት ነበር።

ሁንዴ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ትቷል። የልጁ እናት ቀደም ብላ ሞታለች። ወይዘሮ ስናፍቅሽ ከቀብሩ መልስ ልጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ያ ልጅ ይህን ታሪክ የሚጽፈው ሚሊዮን ሁንዴ ነው።

በመስከረም 1992 ዓ.ም. «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ደብዳቤ ጽፈው ሥራቸውን ለቀቁና ቤተሰባቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በ1993 ዓ.ም. ልጃቸውን ኬብሮንን ወለዱ። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ በምግብ ዋስትና ሥራ ተቀጠሩ። ዝዋይን ግን ከዚያ ወዲህ በመኪና እንኳ አላለፉባትም፤ ሐዋሳ የሚወስድ ሥራ ሲመጣ ለሌላ ሰው ይተዉ ነበር።

ሚሊዮን አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ወይዘሮ ስናፍቅሽ አጠገባቸው አስቀመጡትና አባቱ የሞተው እርሳቸው በጻፉት ስህተት መሆኑን ነገሩት። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ሚሊዮንም «አባቴን በእስክሪብቶ ገደልሽው» አላቸው። እርሳቸው «አዎ» አሉት። ልጁ በዚያው ሰሞን ለትምህርት ወደ አርባ ምንጭ ሄደ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጻፈላቸውም፣ ስልካቸውንም አላነሳም። በየወሩ ግን ልብስና ምግብ ከአውቶቡስ ተራ ይደርሰው ነበር፤ መቀበሉንም አላሳወቀም።

በ2004 ዓ.ም. አቶ ልዑልሰገድ በአየር መንገድ ሥራቸው ወደ ሐርጌሳ ሲዛወሩ፣ ወይዘሮ ስናፍቅሽም በድርጅታቸው በኩል አብረው መጡ። መኖሪያቸውን 26 ጁን በሚባለው ሰፈር አደረጉ። የሐይቅ ልጅ፣ ወንዙ ከዓመት ዓመት አሸዋ ሆኖ የሚከርምበት፣ ውሃ በቦቴ የሚታደልበት ከተማ ሲኖሩ አንድ ቀን አላማረሩም። እንዲያውም ዓሣ የማይታይበት አገር መሆኑ ያሳርፋቸው ይመስል ነበር። ድሬዳዋ ያደጉትና አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሻሚስ የቅርብ ወዳጃቸው ሆኑ። ደብተራቸውን ያዩ ዕለት ወይዘሮ ሻሚስ፣ «እኛ ይህን ያህል ስም ያወጣነው ለግመል ነው እኮ እህቴ። ለዓሣ አንድ ይበቃዋል፤ በሶማሊኛ ‹ካሉን› ብለነው እናልፋለን» ብለው አስቀዋቸዋል። ወይዘሮ ስናፍቅሽ ሲስቁ ከታዩባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ያ ነበር።

ሚሊዮን በ2010 ዓ.ም. የጉድጓድ ውሃ በሚቆፍር ድርጅት ተቀጥሮ ሐርጌሳ ሲመጣ፣ ቢሮው በማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር፣ ማደሪያው በእርሳቸው ቤት ሆነ። በመካከላቸው ሰላም ነበረ፤ ያ ነገር ግን ተነሥቶ አያውቅም።

ዓርብ ዓርብ ሥራ ስለሌለ ወይዘሮ ስናፍቅሽ በከተማው ዳር ወዳለው ወደ አያሃ ሰፈር ይሄዱ ነበር። በዚያ በቀን ሥራ የሚያድሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ድንጋይ የሚሸከሙ፣ ብሎኬት የሚያመርቱ። መድኃኒትና ልብስ ያደርሱላቸዋል፤ ከሐይቅ ዳር የመጣ ሲያገኙ ደግሞ በአገሩ ቆሮሶን ምን እንደሚሉት ይጠይቃሉ። ከአባያ ዳር የመጣ አንድ ሰው ትንሹን «እንግዳ አሳፋሪ» እንደሚሉት ነግሯቸዋል። ይህን ሁሉ ይጽፋሉ። «አንድ ዓሣ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስሞቹን አንድ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ሌላው አይሳሳትም» ይሉ ነበር። ደብተሩ አርባ ሦስት ስም ይዟል። እንዲታተም ለሦስት ቦታ ልከውት ከሁለቱ መልስ አልመጣም፤ ሦስተኛው የሳይንስ ስሙ ይበቃል ብሏል።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ዓርብ፣ ከዝዋይ ዳር የመጣ ሠራተኛ፣ «እኛ ጋ ትንሹን ቆሮሶ ስናፍቅሽ ነው የምንለው» አላቸው።

«ለምን?» አሉ።

«አንዲት የቢሮ ሴትዮ ነበረች አሉ። እሷ ናት ዓሣውን ያስጨረሰችብን። አሁን ትልቁን እየናፈቅን ትንሿን እንበላለን፤ ስሟን ለዓሣው ሰጠነው» አለ ሰውየው። ማንን እንደሚያናግር አያውቅም ነበር። ወይዘሮ ስናፍቅሽ አንገታቸውን ደፍተው ስሙን እንደሌላው ሁሉ ጻፉት። 

በዚያ ዕለት ከሠራተኞቹ መካከል ያወቃቸው አንድ ሰው ነበር፤ አቶ ኤዳኦ ቱፋ። ከተገለበጠችው ጀልባ ዋኝተው ከወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ናቸው። ተከትለዋቸው ወጥተው ምን እንደተነጋገሩ ሚሊዮን ያወቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸናባቸው። በሐርጌሳና በአዲስ አበባ ታከሙ፤ ሐኪሞች የሚችሉትን አድርገው ወደ ቤት መለሷቸው። ወይዘሮ ሻሚስ ማለዳ መጥተው ይገላብጧቸው፣ ይቀቡአቸው ነበር። አቶ ኤዳኦም በየዓርቡ ከአያሃ እየመጡ ከአልጋው ግርጌ ይቀመጣሉ።

ዓርብ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ሚሊዮን ለአቶ ኤዳኦ ሻይ ሲያቀርብ፣ «አባቴ በእርሷ ስህተት መሞቱን እያወቁ እርሷን ለመጠየቅ መምጣትዎ ትልቅ ልብ ነው» አላቸው። አቶ ኤዳኦ ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ጥፍሬ ሌላ ዓሣ ነው ብሎ ያጻፋት አባትህ ነው» አሉ። «ቀዳዳው ሰፊ የሆነውን መረብ የምንገዛበት አቅም አልነበረንም። ጠባቡ እንዲፈቀድልን ተማክረን ነው። እኔም አጠገቡ ቆሜ አዎ፣ ሌላ ነው ብያለሁ። እትዬ ስናፍቅሽ ያን ዓርብ አያሃ ሳገኛቸው እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር። ሞታቸውን ቆሜ እያየሁ መሐላዬን መጠበቅ አቃተኝ።»

ወይዘሮ ስናፍቅሽ ከትራሳቸው ቀና ለማለት ሞከሩ። «ኤዳኦ! ምን አደረግህ?» አሉ። ከዚያም ወደ ሚሊዮን ዞረው፣ «አባትህ ክፉ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አንተ ተወልደሃል፣ እናትህ ታማለች፤ የሚያበላህ አልነበረውም። እኔም ብሆን ለአቅመ እንቁላል መድረሱን የዓሣውን ሆድ ቀድጄ ማየት ነበረብኝ። ወንድሜ ስለሆነ አመንኩት» አሉት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔን ብትጠላ እችለዋለሁ። እሱን ብትጠላ ግን ማን አለህ? ደግሞስ ባንተ ራብ የተነሣ መሆኑን ሰምተህ እንዴት ትኖራለህ?»

ሚሊዮን ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። እርሳቸው ግን ውሃ አምጣልኝ አሉት። ጠጥተው ሲጨርሱ፣ «ይህ በሕይወት ታሪኬ ላይ እንዳይነበብ» ብለው አዘዙት። እሺ አላቸው።

ያን ቃል ይኸው አልጠበቅሁም። አባቴን ለማዋረድ አይደለም፤ አባቴን እወደዋለሁ፣ ያደረገውንም ያደረገው ለእኔ ነው። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ ዛሬ በሐርጌሳ ከተነበበ በኋላ በዝዋይ በቀብራቸው ላይ፣ በስማቸው በሚቀልዱ ሰዎች ፊት ይነበባል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ብለው ያሳለፉትን ዝምታ እኔ ልቀጥልበት አልቻልኩም። የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ እባካችሁ ያንን ስም ከዓሣው ላይ አንሡት።

ወይዘሮ ስናፍቅሽ ሰኞ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ሳለ፣ በስልሳ ዓመታቸው አረፉ። ወይዘሮ ሻሚስ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ዓይናቸውን ከደኑላቸው። አስከሬናቸው ዛሬ በድንበር ከተማዋ በቶጎጫሌ በኩል ወደ አገራቸው ይሸኛል፤ ሥርዓተ ቀብራቸውም በዝዋይ ከእናታቸው አጠገብ ይፈጸማል።

ባለቤታቸውን አቶ ልዑልሰገድ ተክሌን፣ ሁለት ልጆቻቸውን ኬብሮን ልዑልሰገድንና ሚሊዮን ሁንዴን፣ እንዲሁም እህት የሆኗቸውን ወይዘሮ ሻሚስን በኀዘን ትተው ሄደዋል። አቶ ኤዳኦ ቱፋ ከአስከሬኑ ጋር አብረው ይጓዛሉ፤ ጀልባዋ ከተገለበጠችበት ቀን ወዲህ ወደ ሐይቁ ሲመለሱ የመጀመሪያቸው ነው።

እግዚአብሔር የወይዘሮ ስናፍቅሽን ድካም አይቶ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው እውነቱን የምንሸከምበት ትከሻ ይስጠን። አሜን።