የእማማ ጥሩወርቅ ማረሻ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11፤ ወገዳ

ዛሬ በራሴ ተናድጄ ዋልኩ። በእማማ ጥሩወርቅ ማሳ ላይ ካገኘነው የጥንት ምድጃ ስምንት ናሙና ማንሳት ነበረብኝ። ጭቃው በእሳት ግሎ ሲቀዘቅዝ የዚያን ዘመን መግነጢሳዊ ሰሜን ይዞ ይቀራል፤ ዕድሜውን የምንገምተው በዚያ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ከማንሳቴ በፊት በኮምፓስ ለክቼ የዛሬውን ሰሜን በቀስት እሥልበታለሁ። ትናንት ስድስቱን አነሳሁ። ዛሬ ሰባተኛውን ልለካ ኮምፓሱን ከጉድጓዱ አፍ ሳስጠጋ መርፌው ዝም ብሎ ዞረ። አፈሩን ብጭር የማረሻ ስባሪ ወጣ።

እማማ አልደበቁኝም።

«እኔ ነኝ የቀበርኩት። የሞተ ሰው ምድጃ እየከፈታችሁ ብረት ካጠገባችሁ ሳይኖር? ይለክፋችኋል እኮ!»

«መቼ ቀበሩት?»

«ገና ሥራ ሳትጀምሩ ነዋ፣ ልጄ።»

እንግዲህ ትናንትም ብረቱ መርፌውን ስቦታል፤ የስድስቱም ቀስት ጠማማ ነው። አንዴ የተነሳ ጭቃ ደግሞ እንደነበረ አይመለስም። ቆፋሪዎቹን ዶማችሁን አርቁ ብያለሁ፤ ለእሳቸው ግን ማንም አልነገራቸውም። ትናንት መርፌውን ከፀሐይ ጋር ባመሳክር ኖሮ ወዲያው እነቃ ነበር። ሰነፍኩ።

ማረሻውን አርቄ ሁለቱን ቀሪዎች ለካሁ። ሁለት ናሙና ዕድሜ ለመናገር አይበቃም። መዝገቡ ላይ ከስድስቱ ጎን «አይታመንም» ብዬ ጻፍኩ።

እማማ ስባሪውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ቆመው ያዩኛል።

«ከእናንተ መሃል የታመመ አለ?»

«የለም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ያስኮርፍሃል?»