መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሙሽሪት

ጥቅምት 4

የልጆች መጽሐፍ ላይ የጥንቸሏን ጆሮ ሳሳጥር ዋልኩ። ደራሲዋ "አህያ መሰለችብኝ" ብላለች... እውነቷን ነው። ከሰዓት በኋላ አለቃ ቢሮዋ ጠራችኝ። አምስት የቆዩ ልብ ወለዶችን እንደገና ልናሳትም ነው። ለአምስቱም አዲስ ሽፋን የምሠራው እኔ! ፈገግታዬ እንዳያመልጠኝ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"አንድ ነገር ብቻ" አለች። "የሰው ፊት አልፈልግም። ፊቱን አንባቢው ራሱ ይሳለው።"

ልክ ናት። እኔም እሷን ብሆን እንደዚያ ነው የምለው። አሮጌዎቹን ቅጂዎች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አራተኛው ሽፋን ላይ እትዬ ተቀምጣለች።

ሰብስቤያቸው ወጣሁ።

ጥቅምት 5

ስለ እትዬ እዚህ ጽፌ አላውቅም ለካ። ምን ብዬ ልጻፍ? የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝም እሷ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ጎረቤታቸው የነበረ ሠዓሊ መስኮት ላይ አስቀምጦ ሳላት። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ አንድ እግሯን ወደ ውጭ አንጠልጥላ። ታሪኩ ውስጥ ልጅቷ ሠርጓ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው በመስኮት ወጥታ ትጠፋለች። መጽሐፉ ስንት ጊዜ እንደታተመ እንጃ፤ ሽፋኑ ግን አንድም ቀን አልተቀየረም።

ሰፈሩ በሙሉ "ሙሽሪት" ነው የሚላት። አግብታ አታውቅም። ሙሽሪት ዳቦ ልትገዛ መጣች፣ ሙሽሪት ጉንፋን ያዛት፣ ሙሽሪት ጡረታ ወጣች። እኔም ትምህርት ቤት "የሙሽሪት ልጅ" ነበርኩ። በዚህ ስም ስንቱን ተደባድቤያለሁ... ብዙውን ጊዜ የተመታሁት እኔ ብሆንም።

አገር ምድሩ የሚያውቃት በዚህ ሥዕል ነው። እና እኔ፣ ያሳደገችኝ ልጅ፣ በገዛ እጄ ልፋቃት?

ጥቅምት 9

ሁለቱ አልቀዋል። ለወፍጮ ቤቱ ታሪክ አንድ የተቀደደ ጆንያ። ለወንድማማቾቹ አንድ ወንበርና ሁለት ኮት። አለቃ ወንበሩን ወደደችው። የእትዬን አልነካሁም።

ባለቤቴ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ስታይ ቆየችና፣

"ነግረሃታል?"

"ምኑን?"

"አትቀልድ።"

ጥቅምት 12

እትዬ ጋ ሄድኩ። ሽንኩርት እየከተፈች ታለቅሳለች። "ለአንተ መስሎህ እንዳትኮራ" አለችኝ። ከሳሁ ብላ ተቆጣች፣ ሁለት ጊዜ ጨመረችልኝ፣ ጃኬቴ ቁልፍ ስለጎደለው ሚስቴን ሳይሆን እኔን ሰደበች። "እጅ የለህም?" ስለ ሥራ ስትጠይቀኝ "ያው ነው" አልኳት። ዋሸሁ።

መጽሐፉ መደርደሪያዋ ላይ አለ። ሽፋኑ ወደ ግድግዳው ዞሯል። አቧራ እንዳይነካው ይሆናል... ትሳሳለታለቻ።

ወስኛለሁ። ማንም አይነካትም።

ጥቅምት 15

ከአለቃ ጋር ተጣላሁ። ማለቴ እኔ ጮህኩ፣ እሷ ሻይዋን ጠጣች።

"አራቱን እንዳልሽኝ እሠራለሁ። ይኼኛው ግን ፊቷ ካልኖረበት ሌላ ሰው ፈልጊ።"

"ምን ነክቶሃል? የዘመድህ ፎቶ አደረግኸው እኮ!"

"ዘመዴ ናት።"

መነጽሯን አወለቀች። ሁሉንም ነገርኳት።

"በሕይወት አሉ?"

"እሁድ ዕለት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር።"

ሽፋኑን አንስታ ብዙ አየችው። በመጨረሻ "ለእሳቸው ስል። አንዱ ብቻ ነው ታዲያ" አለች። ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። በዚህ ዕድሜዬ!

ጥቅምት 18

ሦስት ቀን ሙሉ ከእትዬ ጋር። አሮጌውን ሽፋን ኮምፒውተሩ ላይ አጉልቼ መስመር በመስመር እንደገና ሳልኳት። አገጯ የእናቴ ነው። ይኼን እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁትም? ከእኔ የምታንስ ልጅ ናት እዚህ ላይ፤ ገና እኔን አላሳደገችም፣ ገና ጉልበቷን አላመማትም። አንጀቴን በላችው።

ደግሞ ሠዓሊው የግራ እግሯን አንድ ጣት ረስቶታል። አራት! ይኼን ሁሉ ዓመት ማንም ልብ አላለም። አምስተኛውን ጨመርኩላት። ነገ ይዤላት እሄዳለሁ። ደስታዋን ለማየት ቸኩያለሁ።

ጥቅምት 19

በወፍራም ወረቀት አሳትሜ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ አለበስኩትና ልክ እንደ እውነተኛው አድርጌ ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። መነጽሯን አደረገች።

"ጣቴን መለስክልኝ" አለች።

መጽሐፉን ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየች።

"ሊያወጡሽ ነበር እኮ፣ እትዬ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ!" ደረቴን ነፍቼ ነው የምናገረው... ሞኝ።

"ሊያወጡኝ ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ አንተን ማን ጠየቀህ?"

ቁጣ የለበትም። እንዲያውም በለሆሳስ ነው ያለችው። መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመዳፏ ሸፈነችው።

"ወገቤን አመመኝ፣ ልጄ። አርባ ምናምን ዓመት እዚያ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ። አታስነሳኝም?"

ሻይ ቀዳችልኝና ቀጠለች። አንድ ሰው ነበር አለች። ጥሩ ሰው፣ ሳቂታ። እናቱ መጽሐፉን ቤታቸው ውስጥ አይተውታል። "ይቺማ አንድ ቀን በመስኮት ጥላህ ትሄዳለች" አሉት።

"እሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እየቆየ እየቆየ መምጣቱን ተወው።"

"አንቺስ መጽሐፉን ስታነቢው ምን አልሽ? ያን ያህል መጥፎ ናት እንዴ ልጅቷ?" አልኳት። ይኼ አሁን የሚጠየቅ ጥያቄ ነበር?

"እኔ ምን አውቄ? አንብቤው አላውቅም።"

"አንቺ? አንብበሽው አታውቂም?"

"ምን ዓይነት ሰው ሆኜ እንደምገኝ ፈራሁ።"

ስወጣ እንደ ልጅነቴ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። አውቶቡስ ውስጥ አፍንጫዬን ስጠርግ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ሶፍት ሰጠችኝ። ተቀበልኳት።

ጥቅምት 20

እውነት ግን... ማን ጠየቀኝ?

ጥቅምት 23

መጀመሪያ እሷን ብቻ ከሥዕሉ አነሳኋት። አላማረም፤ አንድ ሰው የጎደለ ነው የሚመስለው። ጣልኩትና ከባዶ ወረቀት ጀመርኩ። መስኮት። ወለል ብሎ የተከፈተ። ነፋስ ወደ ውጭ ያወጣው መጋረጃ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ የጠዋት ፀሐይ። ሌላ ምንም። ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ስስል ዋልኩ፤ ጨርቅ እንዲህ አስቸጋሪ ነው እንዴ?

ባለቤቴ መጥታ አየችው። "ሄደች?"

"ተነሳች" አልኳት። እጄን ያዘችኝ።

ጥቅምት 25

አለቃ ፊት ቆምኩ። "ፊት የለውም" አልኩ። አየችው፣ አየችኝ።

"መጀመሪያ ያልኩህ ምን ነበር?"

"ይቅርታ።"

"ሳምንት ሙሉ አናታችን ላይ ጮኸህ..." ብላ ሳቀች። ከዚያ የመጋረጃውን ጠርዝ በጣቷ ተከተለችው። ከአምስቱ ሽፋኖች አብልጣ የወደደችው ይኼኛውን ነው።

ታኅሣሥ 11

መጽሐፎቹ ወጡ። ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ብሎብኛል፤ ማተሚያ ቤቶች ሁሌም እንደዚህ ናቸው። ለእትዬ አንድ ይዤ ሄድኩ። አልተቀበለችኝም።

"ለሌላ ሰው ስጠው። እኔ ገዝቻለሁ።"

"አንቺ? የት?"

አደባባዩ ጋ ያለው መጻሕፍት ቤት ሄዳ። ሻጯ ወጣት ልጅ ናት አለች። "'ከዚህ በፊት አንብበውታል ወይ?' ብላ ጠየቀችኝ። 'ኧረ የለም' አልኳት። 'ይወዱታል' አለችኝ። አላወቀችኝም እኮ! እያየችኝ አላወቀችኝም!" ይኼን ስትነግረኝ ጉንጮቿ ቀልተዋል። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። እኔም ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ። ሁለቱንም።

ታኅሣሥ 14

ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለ ስልክ ጠራ። እትዬ። ሰላምታ የለ ምን የለ።

"ስማ፣ ይቺ ልጅ ምን ነካት?"

"የቷ ልጅ?"

"የመጽሐፏ ናታ! ሰውዬው እኮ ምንም አላደረጋትም። ቁጭ ብላ አታናግረውም? ጫማዋን ታወልቃለች፣ ጓዟን ትሰበስባለች፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ!"

"እትዬ፣ ገና ነሽ፣ ወደፊት..."

"እንዳትነግረኝ! እኔ ግን አልወደድኳትም።" ድምጿ ውስጥ ያለውን ደስታ እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው እንጃ። ሥራ አለብኝ ብላት አልሰማችኝም፤ ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ነገረችኝ። አለቃ በበሩ አንገቷን አስግጋ አየችኝና ተመልሳ ሄደች።

"ደግሞ ለምንድን ነው በመስኮት?" አለች እትዬ። "እኔ ብሆን በበር ነበር የምወጣው።"